የጅብራ ሜዳ ክለብ ጸሐፊ

እፀገነት ከወረዳው ከተማ ከዘመሮ የሦስት ሰዓት መንገድ በእግሯ ተጉዛ አፋፉ ላይ ስትወጣ፣ የመንደሯ ሰው ሁሉ የኳስ ሜዳው ላይ ነበር። ባየችው ጊዜ ወደ መጣችበት ልትመለስ ቃጣት።

ሽማግሌው፣ ጎልማሳው፣ ሴቱና ተማሪው በረድፍ ቆሞ ድንጋይ ከእጅ ወደ እጅ ያቀባብላል። በረድፉ መጨረሻ የቆሙት ሁለት ሰዎች የተቀበሉትን በገደሉ አፍ ላይ ይክባሉ። ቀኑ ቅዳሜ ስለሆነ እርሻ የለም፤ «ድንጋይ መልቀም ማረስ አይደለም» ብለው የደብሩ ቄስ አባ ተክለጻድቅ ስለ ፈቀዱ ግን ደቦው ከተጀመረ እነሆ አራተኛ ሳምንቱን ይዟል።

«ጸሐፊያችን መጣች!» ብሎ ጮኸ ይታየው። ይታየው የክለቡ አምበልና የእፀገነት የአክስት ልጅ ነው። «ከእስክሪብቶ የከበደ ነገር አንሥተሽ ታውቂያለሽ? ነይ እስቲ፣ ይችን ትንሿን ሞክሪያት!»

ትንሽ ያላት ድንጋይ የበግ ግልገል ታክላለች። ሰው ሁሉ ሳቀ። እፀገነት ባዶ የስንቅ ከረጢቷን መሬት ላይ አኑራ በረድፉ ውስጥ ገባች፤ ለመሳቅም ሞከረች፤ ነገር ግን ከንፈሯ አልታዘዛትም።

ብዙም ሳይቆይ የክለቡ ሊቀ መንበር አቶ ትዕዛዙ ከዘራቸውን እየተመረኮዙ ወደ እርሷ መጡ። በወጣትነታቸው ወታደር የነበሩ፣ ቀጠሮ የማያዛቡ ሰው ናቸው።

«የዘመሮ ኮሚቴ ሰዎች ሜዳውን ለማየት መቼ ነው የሚመጡት? ቀን ቆረጡ?»

«ገና ነው፣ አባባ» አለች ድንጋዩን እያየች።

«ይሁን። ቢመጡም አናፍርም» አሉና አለፉ።

እፀገነት ግን ማንም እንደማይመጣ ታውቃለች። ከዚያ ሁሉ ሰው መካከል ይህን የምታውቀው እርሷ ብቻ ነበረች።

የጅብራ ሜዳ ክለብ ሀብቱ ከሁለት ጎልና ከአንድ ዘንበል ያለ ሜዳ አያልፍም። ከላይኛው ጎል የሚነሣ ቡድን ቁልቁል እየበረረ ያጠቃል፤ ከታችኛው የሚነሣው ዳገት ይወጣል። እንግዳ ቡድኖችን በሃያ ደቂቃ ውስጥ ብርዱና ከፍታው ትንፋሽ ያሳጥራቸዋል። ከሜዳው የወጣች ኳስ ገደል ትገባለች። አንድ ጊዜ ኳስ ሊያመጣ የወረደ ተከላካይ የተመለሰው ጨዋታው ካለቀ በኋላ ነው፤ ሰዎች እስከ ዛሬ «አንተ፣ ውጤቱ ስንት ነበር?» እያሉ ይቀልዱበታል።

ይሁን እንጂ መንደሩ ክለቡን የሚወደው ስለሚያሸንፍ አይደለም። የጅብራ ሜዳ ወጣት ትምህርቱን ቢጨርስም ቢያቋርጥም ወደ ደብረ ብርሃን ወይም ወደ አዲስ አበባ ይሄዳል። ሄዶም ይቀራል። ለክለቡ የተመዘገቡት ግን ጨዋታ ባለ ቁጥር ይመለሳሉ፤ በዋዜማው ደርሰው፣ እናታቸው ቤት አድረው፣ ተጫውተው ይሄዳሉ። ብዙ እናት የልጇን ፊት የምታየው በጨዋታ ቀን ነው።

በጥቅምት ወር የወረዳው የእግር ኳስ ኮሚቴ ደብዳቤ ላከ። ደብዳቤው ሁለት ነገር ያዝዝ ነበር፤ አንደኛ ሜዳው በተሰጠው ልክ እንዲደለደልና እንዲከለል፣ ሁለተኛ የተጫዋቾቹ ዝርዝር እስከ ኅዳር አሥራ ሁለት ቀን ዘመሮ ለሚገኘው ቢሮ እንዲገባ። ይህን ያላደረገ ክለብ ስሙ ከመዝገብ ይፋቃል።

ዝርዝሩን በሚያምር የእጅ ጽሕፈቷ የጻፈችው እፀገነት ናት። ዘመሮ ተከራይታ ዘጠነኛ ክፍል ስለምትማርም፣ ኅዳር ዘጠኝ ቀን እሑድ ከቅዳሴ በኋላ ፖስታውን አቶ ትዕዛዙ በእጇ ሰጧት። «ከአሥራ ሁለት እንዳያልፍ» አሏት። ሌላ ቃል አልጨመሩም፤ ለታመነ ሰው ብዙ አይነገርምና።

ሰኞ ፈተና ነበራት። ቢሮው ከትምህርት ቤቷ ሩብ ሰዓት ቢያስኬድ ነው፤ ነገር ግን «ነገ አደርሳለሁ» አለች። ማክሰኞም ፈተና ነበራት፤ ከዚያ በኋላ ደግሞ ደከማት። ረቡዕ ኅዳር ሚካኤል ሆነ። ጅብራ ሜዳ ደብሩ ሚካኤል ነው፤ በዚያ ቀን እንኳን ቢሮ ሊከፈት፣ እንጨት የሚፈልጥ ሰው አይገኝም። «በሚካኤል ማን ይሠራል?» ብላ ራሷን አሳመነች። ጧት የትምህርት ቤቱ ደወል ሲደወል ሰምታለች። ጋቢዋን ወደ ራሷ ስባ ተከናነበች፤ ከገጠር የመጡት ተማሪዎች ብዙዎቹም አልገቡም ነበር።

ሐሙስ ስትሄድ አቶ ኢስሐቅ የተባሉ፣ ጢማቸው ወደ ሽበት ያዘነበለ ሰው ተቀበሏት።

«ልጄ፣ ምዝገባው ትናንት ተዘጋ።»

«ትናንት እኮ ሚካኤል ነበር። አይከፈትም ብዬ…»

«ቢሮ በሚካኤል አይዘጋም። እስከ ምሽቱ አንድ ሰዓት ቆይቻለሁ። የጅብራ ሜዳ ሰዎች መንገዳቸው ሩቅ ነው፣ አምሽተውም ቢሆን ይመጣሉ ብዬ ነበር።» ሰውየው ፖስታውን ገልበጥ አድርገው አዩና መለሱላት። «ነገሩ ግን ፈጽሞ አልሞተም። ክለቡ አቤቱታ ይጻፍ። ምን እንደ ሆነ በእውነት ይገለጽ፣ ማኅተም ይመታበት። ኮሚቴው ታኅሣሥ አሥራ ሰባት ይሰበሰባል፤ እኔ አቀርብላችኋለሁ።»

ቅዳሜ ልትናገር ቆርጣ ወደ ቤቷ ሄደች። አቶ ትዕዛዙ ግን ሕዝብ በተሰበሰበበት፣ ደቦው ሊጀመር ሲል፣ ከሩቅ ድምፃቸውን ከፍ አድርገው ጠየቋት፤ «ፖስታው ደረሰ?»

«ደርሷል» አለች።

አንዲት ቃል ነበረች። ከዚያች ቃል በኋላ ሰው ሁሉ ድንጋይ ማንሣት ጀመረ።

ዘመሮ ያለው የኪራይ ክፍሏ አንድ መደብ፣ አንድ መስኮትና አንድ ምስማር አለው። ምስማሩ አብራት የተከራየችው የጽናት ነበር፤ ልብሷን ትሰቅልበት ነበር። ጽናት አብራት ስትማር ኖራ በመስከረም ደብረ ብርሃን ሥራ አገኘሁ ብላ ሄደች። ምስማሩ ባዶውን ቀረ። ከቆርቆሮው ግድግዳ ማዶ የጎረቤት ቤተሰብ ራት ሲበላ፣ ሲጣላና ሲታረቅ ይሰማል። እፀገነት በዚያ ሳምንት ምሽት ምሽት መብራት ሳታበራ ተቀምጣ «አባባ፣ አንድ ነገር ልንገርዎት» የሚለውን ድምፅ አውጥታ ትለማመድ ነበር። ከዚያች ዓረፍተ ነገር ግን አታልፍም። የሚሰማት ሰው በሌለበት እንኳ አላልፍ አለች።

ደቦው አምስተኛ ሳምንቱን ሲይዝ፣ ታኅሣሥ አሥራ ሦስት ቀን፣ ቅዳሜ፣ ሜዳው በገመድ ተለካ። ይታየው የገመዱን ጫፍ ይዞ ከጎል እስከ ጎል ሮጠና ቆመ።

«ስምንት እርምጃ ጎደለን!»

«ደግመህ ለካ» አሉ አቶ ትዕዛዙ።

«ሦስቴ ለካሁ። ጎሉን ትንሽ ጠጋ እናድርገው፤ ማን ያውቃል?»

«ልኩ ልክ ነው። የሚያውቅ ሰው ቢመጣ ምን ልትለው ነው? በረኛችን አጭር ነው ልትለው?»

ሜዳው በአንድ ወገን ገደል፣ በሌላው ወገን የወይዘሮ ብርነሽ አውድማ ነው። አውድማው ዙሪያውን በድንጋይ ካብ ታጥሮ፣ ወለሉ በእበት ተለቅልቆ፣ ለውቂያ ተዘጋጅቷል። የዓመቱ ገብስም አጠገቡ ተከምሯል። ወይዘሮ ብርነሽ ባላቸው ከሞተ ስድስት ዓመት ሆኗቸዋል። አንድ ልጃቸው ጌጡ ደብረ ብርሃን ፋብሪካ ውስጥ ይሠራል፤ የክለቡ በረኛ እርሱ ነው።

«የእኔ አውድማ ስንት እርምጃ ይሆናል?» አሉ ወይዘሮ ብርነሽ።

«አሥር አይሞላም ብለው ነው፣ እትዬ?» አለ ይታየው ሳያስብ። ወዲያው የተናገረው ገባውና አፉን በእጁ ያዘ።

«እንግዲያው ሁለት ተረፋችሁ።»

«ብርነሽ፣ ገብስሽ ገና ክምር ላይ ነው» አሉ አቶ ትዕዛዙ።

«በእታገኝ አውድማ እወቃለሁ። ተራዬን እጠብቃለሁ፤ ገብስ እግር የለው።»

«ዝናብ ቢመጣብሽስ?»

«ዝናብ ቢመጣ ገብሴን ይወስዳል። ክለቡ ቢፈርስ ልጄን ይወስዳል። ታዲያ መራጩ ማነው? እናንተ ናችሁ እኔ?»

የእፀገነት እናት እታገኝ «በእኔ አውድማ የመጀመሪያው ተራ ያንቺ ነው» አለች። ነገሩ በዚሁ ተቆረጠ። ከምሳ በኋላ ካቡ ይፈርሳል፤ ወለሉ ሰኞ ይቆፈራል።

ምሳ ቆሎና ዳቦ ነበር። ሰው ክብ ሠርቶ ተቀመጠ፤ እፀገነት ግን ከአዲሱ ካብ ጥግ፣ ነፋሱ ከሚነፍስበት በኩል ለብቻዋ ተቀመጠች። እናቷ መጥታ ግንባሯን በእጇ ጀርባ ዳሰሰች።

«አሞሻል እንዴ?»

«ደክሞኝ ነው።»

«አራት ሳምንት ሙሉ ነው የደከመሽ» አለች እናቷ። ቆሎውንም በነጠላዋ ጫፍ ላይ አፍስሳላት ሄደች።

እፀገነት ቆሎውን አልነካችም። ታኅሣሥ አሥራ ሰባት ረቡዕ ነው። ዛሬ ወይም ነገ ካልተናገረች፣ ረቡዕ ኮሚቴው ተሰብስቦ ይበተናል፤ የክለቡም ስም ይፋቃል። ያን ጊዜ ሜዳው እንደ ጠረጴዛ ተስተካክሎ የሚጫወትበት ይጠፋል፤ ወይዘሮ ብርነሽም አውድማም ልጅም አይኖራቸውም።

በመንዝ የሰው ካብ ባለቤቱ የመጀመሪያውን ድንጋይ ሳያነሣ አይፈርስም። ወይዘሮ ብርነሽ መቀነታቸውን ጠበቅ አድርገው ወደ አውድማቸው ሄዱ። ሰው ሁሉ ተከትሎ ቆመ። ሴትዮዋ ጎንበስ አሉና ሁለት እጃቸውን በአንድ ድንጋይ ላይ አሳረፉ።

«በሕግ አምላክ!»

ድምፁ ቀጭን ነበር፤ እፀገነት ከራሷ አፍ እንደ ወጣ እንኳ ወዲያው አላመነችም። ነገር ግን ይህ ቃል ከማንም አፍ ቢወጣ የሚናቅ አይደለም። የወይዘሮ ብርነሽ እጅ ባለበት ቀረ። አቶ ትዕዛዙ እንደ ወታደር ቀጥ ብለው ቆሙ።

«ማነው?» አሉ።

«እኔ ነኝ፣ አባባ። ካቡ አይፍረስ።» ወደ ወይዘሮ ብርነሽ ቀረብ አለች። «ፖስታው አልደረሰም። የመጨረሻው ቀን ሚካኤል ነበር። ቢሮው ዝግ መስሎኝ በማግሥቱ ስሄድ ትናንት ተዘጋ አሉኝ። ዋሸኋችሁ። አቤቱታ ከተጻፈ ግን ረቡዕ ይታያል ብለዋል።»

እፀገነት ስድብ ጠበቀች፤ የመጣው ግን ሌላ ነው።

«በኅዳር ሚካኤል? በኅዳር ሚካኤል ቢሮ ከፈቱ?» አለ አንድ ጎልማሳ።

«ጉድ ፈላ! ታዲያ ልጅቷ ምን አጠፋች? በዓል ማክበሯ ነው ጥፋቱ?»

«ምዝገባውንስ የዘጋው ማነው? ሰውየው ማን ይባላል?»

«አቶ ኢስሐቅ» አለች እፀገነት በዝግታ።

«አሃ! ሙስሊም ነዋ! እሱማ ሚካኤልን ከየት አውቆት!»

ሳቅ ተነሣ፤ ከሳቁ ሥር ግን ቁጣ ነበረበት። አባ ተክለጻድቅ «ተዉ፣ ተዉ፤ ሰውየውን ሳትጠይቁ…» ብለው ጀመሩ፤ የሚሰማቸው አላገኙም። ይታየው ጃኬቱን አውልቆ በእፀገነት ትከሻ ላይ ጣል አደረገላት።

«ለዚህ ነው እንደ ታመመች በግ ጥግ ጥግ ስትይ የከረምሽው? አንቺ ሞኝ! ቀድመሽ ብትነግሪን እኮ ያኔውኑ ሄደን እናፋጥጠው ነበር።»

ጃኬቱ ይሞቅ ነበር። ከአንድ ወር ወዲህ በሰው መካከል ሙቀት ሲሰማት ይህ የመጀመሪያው ነው። ወይዘሮ ብርነሽ እንኳ ከድንጋዩ ላይ ቀና ብለው «አይዞሽ ልጄ» አሏት። እፀገነት ዓይኗን ጨፈነች። እንዲህ ቀላል ይሆናል ብላ አላሰበችም ነበር፤ ውሸቷን ተናግራ ሳትጨርስ ይቅርታው ቀድሟት ደረሰ። ይቅር የተባለላት ግን ያልሠራችው ነበር፤ ሰኞና ማክሰኞን፣ የሰማችውንም ደወል አልተናገረችም።

«አቤቱታው አሁኑኑ ይጻፍ» አሉ አቶ ትዕዛዙ። ማኅተሙን ከጠቀለሉበት መሐረብ ማውጣት ጀመሩ። «ጸሐፊ ማን ነው? አንቺው አይደለሽ? ተቀመጪ።»

ከደብተሯ ሁለት ወረቀት ገንጥላ፣ ጠፍጣፋ ድንጋይ በጉልበቷ ላይ አድርጋ ተቀመጠች። ሰዎቹ ከበቧት። ሁሉም የሚያስጽፈው ነበረው።

«እንዲህ በዪ፤ “አቶ ኢስሐቅ የተባሉት ሠራተኛ የሕዝቡን ሃይማኖት በመናቅ…”»

«“በታላቁ መልአክ በዓል ቀን ምዝገባውን ሆን ብለው በመዝጋታቸው…” በዪ። ሆን ብለው የምትለዋ እንዳትቀር!»

«“ከቦታቸው እንዲነሡልን እንጠይቃለን።” ይህችን ካልጨመርሽ ዋጋ የለውም።»

እፀገነት አቀርቅራ ትጽፍ ነበር። እስክሪብቶው በብርዱ ምክንያት ይቆራረጥባታል፤ በእስትንፋሷ ታሞቀዋለች፤ እንደገና ትጽፋለች። ጽሕፈቱን ጎንበስ ብሎ ያየ አልነበረም። ከዚያ ሁሉ ሰው ማንበብ የሚችሉት ጥቂቶች ናቸው፤ እነርሱም ገና የሚጨመረውን ቃል እየተከራከሩ ነበር። አንደኛው ወረቀት ሞላ። ሁለተኛው ላይ ጥቂት መስመር ጨምራ እስክሪብቶዋን ከደነች።

«አለቀ?» አሉ አቶ ትዕዛዙ። ማኅተሙን በእስትንፋሳቸው እርጥብ አድርገው አዘጋጅተው ነበር። «ተነሽና ለሕዝቡ አንብቢው። ሕዝቡ ይስማማ፤ ከዚያ አትማለሁ።»

እፀገነት ተነሣች። ያስጻፏት ቃል ሁሉ ከመጀመሪያው እስከ መጨረሻው በአእምሮዋ ነበር፤ ዓይኗን ወረቀቱ ላይ ተክላ በቃሏ ብትወጣው ማንም አይጠረጥርም። ሰዎቹ በፈገግታ እየጠበቋት ነው። እናቷ ብቻ አትስቅም፤ ከሰው ኋላ ቆማ ፊቷን ትመለከታለች።

ጃኬቱን ከትከሻዋ አውርዳ ለይታየው መለሰችለት።

«ምነው? ብርድ ነው እኮ» አላት።

«ይቆይ» አለችው፤ ማንበብም ጀመረች።

«“ለወረዳው የእግር ኳስ ኮሚቴ። የጅብራ ሜዳ ክለብ ዝርዝር ከኅዳር ዘጠኝ ቀን ጀምሮ በእኔ እጅ ነበር። በአሥርና በአሥራ አንድ ቀን ማድረስ ስችል ዛሬ ነገ እያልሁ አቆየሁት። በአሥራ ሁለትም የትምህርት ቤት ደወል ሰምቼ፣ ሥራ እንዳለ እያወቅሁ፣ በዓሉን ምክንያት አድርጌ ተኛሁ። አቶ ኢስሐቅ እስከ ምሽቱ አንድ ሰዓት ጠብቀውናል…”»

«ቆይ፣ ቆይ! እኛ ያልነው እንዲህ ነው እንዴ?» አለ አንድ ድምፅ።

ሳቁ ከክቡ ውስጥ አንድ በአንድ ጠፋ። ይታየው ጃኬቱን በክንዱ እንደያዘ አንድ እርምጃ ወደ ኋላ አለ። አቶ ትዕዛዙ ማኅተሙን በመዳፋቸው ውስጥ ጨበጡ።

እፀገነት ቀና አላለችም። ወረቀቱ በነፋሱ እንዳይታጠፍ በሁለት እጇ ወጠረችውና ቀጣዩን መስመር ቀደም ሲል ካነበበችው ከፍ ባለ ድምፅ አነበበች።

«“ጥፋቱ የክለቡ አይደለም፤ የእኔ ነው። የጻፍሁት እኔ፣ የክለቡ ጸሐፊ፣ እፀገነት…”»